ከእጅ የማይነጠቅ ጽዋ

ጽዋ እናድርገው ያልኩት እኔ ነኝ። ሌላ ሰው አልወቅስም። ማለቴ እወቅሳለሁ፣ እደርስበታለሁም፤ ግን ከራሴ ካልጀመርኩ የምለው ሁሉ ሐሜት ይሆንብኛል።

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ባለ አንድ ኮሌጅ የኮምፒውተር ላብ ኃላፊ ነኝ። ኃላፊ ይበሉኝ እንጂ ሥራዬ አቧራ መጥረግ፣ የተነቀለ ገመድ መሰካትና በየዓመቱ ትምህርት ከመከፈቱ በፊት ኮምፒውተሮቹን እንደ አዲስ መጫን ነው። ከምጭናቸው አንዱ ተማሪዎች ፕሮግራም መጻፍ የሚለማመዱበት ቋንቋ ነው። ኦፕን ሶርስ ነው፤ የኔ ነው የሚል ኩባንያ የለውም፤ በየአገሩ የተበተኑ ሰዎች በትርፍ ጊዜያቸው ይሠሩታል፣ ማንም በነጻ ይወስደዋል፣ ማንም ያርመዋል፣ ማንም ይጨምርበታል። ይህን “ማንም” የሚባለውን ነገር በእኛ አገር ሰው ቶሎ አያምነውም። እኔም ተማሪዎቹን ሳስተዋውቅ እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሌ እወጣው ነበር እንጂ “ማንም” ማለት እኔም ጭምር እንደሆነ ያሰብኩት አንድ መሪጌታ ካፋጠጡኝ በኋላ ነው።

መሪጌታ የሚኖሩት ደብረ ኤልያስ ነው፤ ቅኔ ያስተምራሉ። የተዳረች ልጃቸው እዚህ ከተማ ስላለች ቅዳሜ ቅዳሜ ብቅ ይላሉ። አንድ ቀን ላቡ በር ላይ ቆመው፣ ትልቅ ደብተር ታቅፈው፣ “ይህ ማሽን ሰሞን ያወጣል ወይ?” አሉኝ። የደብራቸው ካህናት በየሳምንቱ ተራ ገብተው ይቀድሳሉ፤ የሳምንቱ ተረኛ ሰሞነኛ ይባላል። ተራውን የሚያወጡት እሳቸው ናቸው። በዓል ሲደራረብ፣ አንዱ ሲታመም፣ ሌላው መንገድ ሲሄድ ተራው ይዛባል፣ ጠብ ይነሳል፣ ጠቡ ደግሞ ዞሮ ዞሮ እሳቸው ላይ ያርፋል። “ማሽን ካወጣው ማንን ይቆጡ ይሆን?” አሉ። ሳቅኩና አንድ ወንበር ሰጠኋቸው።

ፕሮግራም መጻፍ በጀመሩ በሦስት ወር ውስጥ አንደኛ ዓመት ተማሪዎቼን በልጠዋቸው ሄዱ። ለነገሩ አይገርምም። ዕድሜውን ሙሉ የዜማ ልክና የቤት ብዛት ሲቆጥር የኖረ ሰው ለኮምፒውተር ሕግ አይደነግጥም። የገደላቸው እንግሊዝኛው ነው። አንዲት ቅንፍ ሳይዘጉ ሲቀሩ ማሽኑ በእንግሊዝኛ ይናገራል፤ እሳቸው ከጥግ ሆነው “ምን አለኝ?” ይላሉ። ተነስቼ ሄጄ አነባለሁ፣ እተረጉማለሁ፣ ወደ ቦታዬ ተመልሼ ሳልቀመጥ “ምን አለኝ?”። አንድ ቅዳሜ ተማሪ በተማሪ ላይ ተነባብሮ፣ ግማሹ ኮምፒውተር እምቢ ብሎኝ፣ “የኔታ! ዛሬ ስንተኛዎ ነው?” ብዬ ጮህኩባቸው። ተማሪው ሁሉ ዞሮ አየኝ። እስካሁን ሳስበው ፊቴ ይግላል።

እሳቸው ግን አልተቀየሙም። “ልክ ነሽ ልጄ፤ እኔንም ተማሪ ሲነዘንዘኝ ያመኛል” አሉ። “እንግዲያው እሱ ራሱ በሚገባኝ ይንገረኛ። አንቺም ታርፊያለሽ።”

“ማን ፈቅዶልን የኔታ?”

“ማንም ይጨምርበታል ስትዪ ሰምቼሻለሁ። ዋሽተሽ ነው?”

እንዲህ ሆኖ ጀመርን። አምስት ነበርን፤ እኔ፣ መሪጌታ፣ አምበር ከተማ የሚያስተምር አንድ የሒሳብ መምህር፣ ከገበያው ጀርባ ስልክ የሚጠግኑ ሁለት ወንድማማቾች። ቋንቋው ሰው ሲሳሳት የሚናገራቸውን የስህተት መልእክቶች አንድ በአንድ ወደ አማርኛ መለስን። ሁለት ክረምት ፈጀብን። ብዙውን ጊዜ የበላው ትርጉሙ አልነበረም፣ ክርክሩ ነበር። ማሽኑ ሰውን ማን ብሎ ይጥራ? “ተሳስተሃል” ካለ መሪጌታን አንተ ሊል ነው፤ “ተሳስተዋል” ካለ ደግሞ ታላቅየው ስልክ ጠጋኝ “አንደኛ ዓመት ተማሪን እርስዎ ብሎ ሊያባልግ ነው” አለ። በመጨረሻ መምህሩ፣ “መስመር አሥራ ሁለት ላይ ቅንፍ አልተዘጋም” ይበልና ይተወው አለ። ማንንም የማይነካ አነጋገር። ሁላችንም ወደድነው። ማንንም አለመንካት ላይ ማን ይበልጠናል!

ሌላም መሣሪያ ሠራን። የእኛ ሰው በአማርኛ ሲጽፍ እጁ የለመደውን ነጠላ ሰረዝ ያስገባል፣ ቋንቋው ደግሞ የፈረንጁን እንጂ የእኛን አያውቅም፤ ተማሪው ዓይኑ እስኪጠፋ ቢያፈጥ ስህተቱን አያገኘውም። ሁለቱ ወንድማማቾች ያንን ፈልጎ “ይህ ሰረዝ በዚህ ይተካ” የሚል ትንሽ ፕሮግራም ጻፉ። ጥያቄ ያለው የሚጠይቅበት ግሩፕ በስልክ ከፈትን። ከቁይ ከተማ አንዲት መምህርት ተማሪዎቿን ይዛ ገባች። ትርጉማችንን ለቋንቋው ሰዎች ላክን፣ አዩት፣ ተቀበሉት፣ ከዋናው ቋንቋ ጋር አብሮ እንዲሄድ አደረጉት። ይህ አብሮ መሄድ ትልቁ ነገር ነው፣ ስለዚህ ላስረዳ። ኮሌጁ ከይፋዊው ቨርዥን ውጭ ምንም እንድጭን አይፈቅድም። ኔትወርክም አንዴ ከጠፋ መቼ እንደሚመለስ የሚያውቅ የለም፤ ለብቻው የተቀመጠ ነገር ፈልጎ የሚያወርድ ተማሪ አይኖርም። አማርኛው ዋናው ውስጥ ከገባ አለ፣ ካልገባ የለም።

አማርኛ ያለበትን የጫንኩ ቀን መሪጌታ ሆን ብለው ቅንፍ ሳይዘጉ ተዉ። ማሽኑ በአማርኛ ነገራቸው። ሁለተኛ ስህተት ሠሩ፣ ነገራቸው። ሳቁ፣ ጋቢያቸውን አስተካከሉና፣ “አሁን ተግባባን” አሉት፣ ለማሽኑ። ከዚያ ቀን ወዲህ ከጥግ “ምን አለኝ?” የሚል ድምፅ ቀረ። እኔም አረፍኩ።

የቋንቋው ሰዎች አንድ ነገር ብቻ ጠየቁን። ለእያንዳንዱ ልሳን ኃላፊ ያስፈልጋል፤ ጥያቄ ሲመጣ የሚመልስ፣ አዲስ ቨርዥን ሲወጣ ትርጉሙን የሚያስተካክል። ማን ይሁን? “አንተ ሁን።” “ኧረ አንተ ሁን፣ አንተ እያለህ እኔ ምን ቆርጦኝ።” “እሷ ትሁን፣ ኢንተርኔት አላት።” ሁሉም ሌላውን ያከብራል። ያን ጊዜ ነው ጽዋ እናድርገው ያልኩት።

እናቴ ጽዋ ማኅበር ነበራት። በየወሩ አንዱ ጽዋውን ይቀበላል፣ በቀጣዩ ወር ማኅበሩን እቤቱ ይደግሳል፣ ከዚያ ለሚቀጥለው ያስረክባል። እኛም ጽዋችንን ፍላሽ አደረግናት፤ የይለፍ ቃሉና ሥራው ሁሉ ያለባት ፍላሽ፣ ታናሽየው ጠጋኝ ቀይ ክር ያሰረላት። በወሩ የመጀመሪያ ቅዳሜ ላቡ ውስጥ ትተላለፋለች። የተቀበለ በዚያ ወር ኃላፊ ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እያልን ተመጻደቅን። ፈረንጆቹ በየወሩ ሌላ ሰው ሲመልስላቸው ግር ብሏቸው ነበር፣ በኋላ ለመዱት።

ስለ ጽዋ አንድ ነገር አውቅ ነበር፣ ግን ለፈረንጆቹ አልነገርኳቸውም፤ ለራሴም አልነገርኩትም። ጽዋ ከተቀበለ ሰው እጅ አይነጠቅም። በእናቴ ማኅበር አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ጽዋው እጇ ላይ ነበር። አንድ ወር አለፈ፣ ሁለት ወር አለፈ፣ ማኅበሩ ሳይደገስ ቀረ፤ አምጪው ያላት የለም። “ባሏን አጥታ ጽዋዋን ደግሞ ነጠቅናት ይባል?” ትል ነበር እናቴ። በሦስተኛው ወር ሴትዮዋ ራሷ ደገሰች፣ ሁሉም አለቀሰ፣ ሁሉም ጠጣ። ትልቅነት ነው። ጠላ ሁለት ወር ቢቆይ ማንም አይሞትም።

ባለፈው ክረምት፣ ፍላሿ በሒሳብ መምህሩ እጅ ሳለች፣ እናቱ ሞቱ። ተቀብረው በማግስቱ ደብዳቤው መጣ። የቋንቋው ውስጥ አሠራር ተቀይሯል፤ የየልሳኑ ኃላፊ በአምስት ሳምንት ውስጥ “አለሁ” ብሎ ይመልስ፣ ትርጉሙንም ያስተካክል፤ መልስ ያልሰጠ ልሳን ከሚቀጥለው ቨርዥን ይወጣል። አምበር ያን ሰሞን ኔትወርክ የለም። የኮሌጁ መስመር ግን ይሠራል፣ ደብዳቤው ለእኔም ደርሷል። አተምኩትና ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

በሠልስቱ ሁለቱ ወንድማማቾችና እኔ በሚኒባስ አምበር ሄድን። ድንኳኑ ሞልቶ ነበር። ተቀመጥን፣ ንፍሮ ዘገንን፣ ዝም አልን። ቦርሳዬን ጭኔ ላይ አድርጌ፣ ወረቀቱ እንዳይንኮሻኮሽ በእጄ ተጭኜ ይዤዋለሁ። አንድ መምህር የእናቱን አፈር ሳያራግፍ “ፈረንጆቹ ቀጠሮ ሰጥተውናል” ይባላል? ስንነሳ እስከ መንገዱ ሸኘን። ዓይኑ አብጧል፣ ጢሙ አድጓል። እጁን ጃኬቱ ኪስ ውስጥ ከተተና፣ “ያቺ ነገር እንኳ...” አለ።

“ኧረ ተው! እሱን አሁን አታስበው” አልኩት።

አየኝ። “እግዜር ይስጥሽ” አለና እጁን ባዶውን አወጣ።

ሚኒባሱ ውስጥ ታላቅየው፣ “ነገርሽው?” አለኝ።

“እንዴት ብዬ?”

“እሱስ ልክ ነሽ” አለ። ታናሽየውም ልክ ነሽ አለ። ሦስታችንም ልክ ሆነን ደብረ ማርቆስ ገባን። የወሩ ስብሰባ አርባው እስኪወጣ ይቆይ ተባለ። ለመሪጌታም አልነገርናቸውም፤ ክረምት ነው፣ መንገዱ ጭቃ ነው፣ ምን ያስጨንቃቸዋል አልን።

አሁን የማልወደውን ልናገር። መልስ ለመስጠት ፍላሿ አታስፈልግም ነበር። የይለፍ ቃሉም አያስፈልግም ነበር። የራሴ ስም፣ የራሴ አድራሻ ይበቃ ነበር። ሦስት ዓረፍተ ነገር ጽፌ ነበር፤ “አለን። ተረኛው ሐዘን ላይ ነው። በእሱ ፈንታ እኔ እሠራዋለሁ።” ላክ የሚለውን መጫን ብቻ ነው የቀረኝ። ከዚያ መምህሩ ታየኝ፤ ከእናቱ ለቅሶ ሲመለስ፣ ኔትወርክ ሲያገኝ፣ ዓለም ሁሉ በሚያየው ገጽ ላይ ጽዋው ከእጁ ተነጥቆ ሲያገኘው። ምን ይለኛል? አጠፋሁት። በሳምንቱ ደግሜ ጻፍኩት፣ ደግሜ አጠፋሁት። ይሉኝታ ይሉታል። ትልቅ ነገር ነው እያሉ ያሳድጉናል። እኔ ግን ያን ክረምት ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ሳየው፣ ሌላውን ማክበር የሚል ስም ያወጣሁለት ፍርሃት ነበር። ቀኑ ያለፈው አርባው ሊወጣ ሦስት ቀን ሲቀረው ነው።

አርባው ወጣ። መምህሩ መጣ። ቀይ ክር ያላትን ፍላሽ ጠረጴዛው ላይ አኖራትና፣ “እህሳ፣ አስተካከላችሁት?” አለ።

“ምኑን?”

“አዲሱን ቨርዥን ነዋ! በክረምት አዲስ እንደሚመጣ አላውቅም እንዴ? ልሰጥሽ ኪሴ ገብቼ አልነበረም? አታስበው ስትዪኝ፣ ይዛዋለች ብዬ ተኛሁ።”

ደሜ ፈላ። “ታዲያ አንድ ሰው ልከህ አትጠይቀኝም?”

“ይዤዋለሁ ያለችን ሰው ምን ብዬ ልጠይቅ? አላመነኝም ብትዪስ?”

“ይዤዋለሁ አላልኩህም!”

“ምን ማለትሽ ነበር ታዲያ?”

 ጥያቄው የባሰ አናደደኝ፣ ጮህኩበት። ሐዘን ላይ ያለን ሰው እንዳላስቸግር አርባ ቀን ዝም ያልኩ ሴት በአርባ አንደኛው ቀን ጮህኩበት። ወንድማማቾቹ ጫማቸውን ያያሉ። ከዚያ ወዲህ ሰላም እንባባላለን፣ ከዚያ አናልፍም።

ለቋንቋው ሰዎች ረጅም ደብዳቤ ጻፍኩ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ስለ ኔትወርኩ፣ ስለ ለቅሶው፣ ስለ ጽዋውም ሳይቀር አብራራሁ። መልሳቸው ጨዋ ነበር። በጣም አዝነናል፤ የሚቀጥለው ቨርዥን ከዓመት በኋላ ነው፤ አሠራሩ ስለተቀየረ ትርጉሙ እንደገና መታየት አለበት፤ ለወደፊቱ ቋሚ የሆኑ የሁለት ሰዎች ስም ላኩልን። አንዳቸውም ክፉ ቃል አልተናገሩም። እኔ ግን ተቀየምኳቸው፣ አሁንም ተቀይሜያለሁ። ሁለት ክረምት ሙሉ የሠራን ሰዎች ድንገት ዝም ስንል፣ “ምን አገኛቸው?” ብሎ ለሁለተኛ ጊዜ የጠየቀ አንድ ሰው እንዴት ይጠፋል? ከዚያ ደግሞ ትዝ ይለኛል። እኔስ አምበር ድረስ ሄጄ እንኳ መምህሩን አልጠየቅኩትም። እነሱን የምወቅስበት አፍ የለኝም፤ ቢሆንም እወቅሳቸዋለሁ።

መስከረም ላይ ሁሉም ኮምፒውተር ተደምስሶ በአዲሱ ቨርዥን እንደገና ይጫን የሚል ትእዛዝ መጣ። ጫንኩ። የልሳን መምረጫው ሲወጣ ዝርዝሩን ወደ ላይም ወደ ታችም ሄድኩበት። እንደማይኖር እያወቅኩ በእያንዳንዱ ኮምፒውተር ላይ ፈለግኩት። የቁይዋ መምህርት፣ “አማርኛው የት ገባ?” ብላ ግሩፑ ላይ ጻፈች። ለአምስት ቀን ማንም አልመለሰላትም፤ ተረኛው ይመልሳል ብለን ይሆናል። በስድስተኛው ቀን ተማሪዎቿን ይዛ ከግሩፑ ወጣች።

መሪጌታ ጥቅምት ላይ መጡ። ፕሮግራማቸውን በራሳቸው ፍላሽ ይዘው፣ ከሰሞን ማውጣት አልፈው የዓመቱን በዓላት ሊጨምሩበት አስበው፣ ደስ ብሏቸው ነበር የገቡት። የለመዱት ጥግ ተቀመጡ። ትንሽ ቆይተው ያንን ድምፅ ሰማሁት።

“ምን አለኝ?”

ሄድኩ። አነበብኩላቸው። “አማርኛውን ምን ነካው?” አሉ። አጠገባቸው ወንበር ስቤ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ደብዳቤውን፣ ንፍሮውን፣ ቦርሳዬን፣ ያጠፋሁትን ሦስት ዓረፍተ ነገር። 

“የእናቱን ነፍስ ይማር” አሉ። ቀጥለው ደግሞ፣ “ሰሞነኛው ለቅሶ ቢደርስበት ቅዳሴ ይታጎላል እንዴ?” አሉ።

“አይታጎልም።”

“ሌላው ቢገባለትስ ተነጠቅኩ ይላል?”

“አይልም፣ የኔታ።”

ወደ ስክሪኑ ዞሩና ፕሮግራማቸውን ቁልቁል አወረዱት። አንዲት መስመር ላይ ጣታቸውን አኖሩ። ሰሞነኛው ካልተገኘ ቀጣዩ ይግባ፤ እሱም ካልተገኘ የሚቀጥለው፤ ቅዳሴ አይታጎልም። እዚያው ወንበር ላይ፣ እጃቸውን ይዤ ያስጻፍኳቸው እኔ ነኝ። “ተረኛው ሲጠፋ ማሽኑ ዝም እንዳይል ይህቺ መስመር የግድ ታስፈልጋለች” ብዬ እንዳስተማርኳቸውም ትዝ አለኝ።  ቢሰድቡኝ እመርጥ ነበር።

ወደ ጠረጴዛዬ ተመለስኩ። ተማሪዎቹ መጡ፣ ላቡ ሞላ። “ምን አለኝ?” አሉ መሪጌታ፣ ሄጄ ተረጎምኩ። “ምን አለኝ?” አሉ፣ ሄድኩ። ለሦስተኛ ጊዜ ስሄድ አንድ ተማሪ እየጠራኝ ስለነበር ቆሜ ሳልጨርስ ነው የተመለስኩት። ከዚያ ድምፃቸው ጠፋ። ገባቸው መሰለኝ። ከቆይታ በኋላ ቀና ስል፣ አንገታቸውን ወደ ስክሪኑ አስግገው፣ ያንን የማያውቁትን እንግሊዝኛ ፊደል በፊደል ወደ ደብተራቸው እየገለበጡ ነው። ለልጃቸው ባል ሊያሳዩት ይሆናል፣ ወይ ደብረ ኤልያስ ላለ፣ እንግሊዝኛ ለሚያውቅ ሰው።

“ምነው የኔታ፣ ይጠይቁኝ እንጂ!” አልኳቸው።

ከደብተራቸው ቀና ሳይሉ፣ “ሥራ ላይ ነሽ ልጄ” አሉ። “እሱን አሁን አታስቢው።”